ከዜድ15 ወደ ዜድ17፦ አዲሶቹ ነገሮች ምን ዝግጅት ይፈልጋሉ?

ባለኮንሶሉ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የአይቢኤም ዜድ15 ሜይንፍሬም በዜድ17 ሊተካ ነው። ሁኔታው እንዲህ ነው፦ አራት የዜድ/ኦኤስ 2.5 (የሜይንፍሬሙ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ኤልፓሮች (ማሽኑ የተከፋፈለባቸው ክፍሎች)፣ ሲአይሲኤስ (ግብይት የሚያስኬደው) እና ዲቢ2 (ዳታቤዙ)፣ ፕሮግራሞቹ በአብዛኛው ኮቦል፣ እዚያው ማሽን ላይ ሁለት የካፕሊንግ ፋሲሊቲ ኤልፓሮች (ሲስተሞቹ መቆለፊያና ዳታ የሚጋሩባቸው)፣ በዜድ/ቪኤም (ሌሎች ሲስተሞችን በውስጡ የሚያስኬድ) ላይ ደግሞ ጥቂት ሊነክስ። የአደጋ ጊዜ ማዕከሉ ማሽን ዜድ16 ነው፤ እሱ አይነካም።

የማስታወቂያው ወረቀት ከላይ እስከ ታች ስለ ኤአይ ነው የሚያወራው። እኔ ማወቅ የምፈልገው ግን የትኛው አዲስ ነገር ማሽኑ ሲበራ በራሱ እንደሚሠራ፣ የትኛው ካልተዘጋጀለት ተኝቶ እንደሚቀር፣ የመቀየሪያውን ሌሊት የሚያበላሸውስ የቱ እንደሆነ ነው።

ሰላም_ሲስፕሮግ

ባለኮንሶሉ ወንድሜ፣ በራሱ ከሚሠራው ልጀምር፤ እሱም ቺፑ ነው። ዜድ15 በ14 ናኖሜትር የተሠራ፣ 12 ኮር ያለው፣ በ5.2 ጊጋኸርዝ የሚሮጥ ቺፕ ነበረው። የዜድ17ቱ ቴለም 2 በ5 ናኖሜትር የተሠራ፣ 8 ኮር ያለው፣ በ5.5 ጊጋኸርዝ የሚሮጥ ነው። የጊጋኸርዙ ልዩነት ትንሽ ነው። ትልቁ ለውጥ ካሹ (ኮሩ አጠገብ ያለው ፈጣን ሜሞሪ፤ ደረጃዎቹ ኤል2፣ ኤል3፣ ኤል4) ላይ ነው። በዜድ15 ኤል4 ካሽ ራሱን በቻለ ሌላ ቺፕ ላይ፣ በአንድ መሳቢያ (ቺፖቹ የሚሰበሰቡበት ሣጥን) 960 ሜጋባይት ሆኖ ይቀመጥ ነበር። ከዜድ16 ጀምሮ ያ ቺፕ የለም፤ ኮሮቹ የራሳቸውን ሰፊ ኤል2 እርስ በርስ ይዋዋሳሉ። በዜድ17 አንድ ቺፕ ላይ እያንዳንዳቸው 36 ሜጋባይት የሆኑ 10 ኤል2 ካሾች አሉ፤ ተደምረው 360 ሜጋባይት ቨርቹዋል ኤል3 ይሆናሉ፣ በመሳቢያ ደረጃ ደግሞ 2.88 ጊጋባይት ቨርቹዋል ኤል4።

ስለዚህ “ስንት በመቶ ይፈጥናል?” ለሚለው ጥያቄ አንድ ቁጥር አይበቃም። ዳታው ካሽ ውስጥ የማይገባለት፣ ሜሞሪ የሚያስስ ዲቢ2 ብዙ ያተርፋል። ትንሽ ዳታ ይዞ የሚያሰላ ባች (በጅምላ የሚሮጥ ሥራ) ግን ከኮሩ ፍጥነት በላይ አያገኝም፤ በአንድ ትውልድ ያ ከ10 በመቶ ብዙም አይርቅም። የእናንተን ሥራ ዓይነት የሚነግራችሁ ኤስኤምኤፍ (የዜድ/ኦኤስ የሥራ መዝገብ) 113 ሪከርድ ነው። ኤችአይኤስ የሚባለው (የሃርድዌር ካውንተሮችን የሚሰበስበው) አድራሻ ስፔስ መነሣቱንና ካውንተሮቹ መብራታቸውን ዛሬውኑ አረጋግጡ። ቢያንስ የአንድ ወር መዝጊያ ያለበትን ጊዜ ሰብስቡና ዜድፒሲአር (የአይቢኤም የአቅም ማስያ) ውስጥ አስገቡት። ያለ 113 ብትሞክሩት “መካከለኛ ጭነት” ብሎ ገምቶ ይወስደዋል፤ ብዙ ጊዜ ማሽኑ ጠቦ ወይም ያለልክ ሰፍቶ የሚገዛው በዚህ ግምት ነው።

ቀጥሎ ፒቲኤፍ (የሶፍትዌር ማስተካከያ)። ዜድ17 የማሽን ዓይነቱ 9175 ነው። ኤስኤምፒ/ኢ (ሶፍትዌር የሚጫንበት መሣሪያ) ውስጥ የ9175 የፊክስካት (የማስተካከያዎች) ምድብ አለ፤ “የግድ የሚያስፈልግ”፣ “የሚመከር” እና “አዲሱን ለመጠቀም” ተብሎ በሦስት የተከፈለ ነው። መጀመሪያ አዲሱን ሆልድዳታ (የማስተካከያዎቹን ሁኔታ የሚገልጽ ፋይል) አውርዱ፣ ከዚያ የሚሲንግፊክስ (የጎደሉ ማስተካከያዎች) ሪፖርት በሦስቱም ላይ አስኪዱ። ሆልድዳታው ያረጀ ከሆነ ሪፖርቱ ባዶ ይወጣና ሁሉ የተሟላ ይመስላል። የግድ የሚባሉት ዜድ15 ላይ እያላችሁ ተጭነው፣ ሲስተሙ በእነሱ ላይ አይፒኤል ተደርጎ (ከአዲስ ተነሥቶ)፣ አንድ ሁለት ሳምንት ሠርቶ መታየት አለበት። ማሽንና ሶፍትዌር በአንድ ሌሊት አይቀየሩም።

የሌሊት ባች

ሰላም ባለው ላይ አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር፦ የሌሎች ኩባንያዎች ሶፍትዌር ፈቃድ ቁልፍ። ሶርት፣ የባች መርሐ ግብር፣ ሞኒተር፣ የሪፖርት ማከማቻ፤ አብዛኞቹ በማሽኑ ሲሪያል ቁጥር፣ ዓይነት፣ ሞዴልና ኤምኤስዩ (የአቅም መለኪያ) የታሰሩ ናቸው። አሮጌው ማሽን በአፕግሬድ መልክ ከተለወጠ ሲሪያሉ ይቀጥላል፣ ዓይነቱና ኤምኤስዩው ግን ይለወጣል። አዲስ ማሽን ገብቶ አሮጌው ከወጣ ደግሞ ሁሉም ይለወጣል። የምርቶቹን ዝርዝር ከኤስኤምፒ/ኢ ብቻ አትውሰዱ፤ ከፕሮክሊብ (የፕሮሲጀሮች ማከማቻ) እና ከኤፒኤፍ (ልዩ መብት ያላቸው ላይብረሪዎች) ዝርዝርም ውሰዱ፣ ከኤስኤምፒ/ኢ ውጭ የተጫነ አይጠፋም። ቁልፉን ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ጠይቁ፣ ሲመጣም ከአሮጌው ጎን አስገቡት። አብዛኞቹ ሁለቱን ቁልፎች በአንድ ፋይል ይቀበላሉ፣ የማይቀበሉት ደግሞ ቀድመው ቢታወቁ ይሻላል።

ሌላው የኮር ብዛት ነው። አዲሱ ፈጣን ስለሆነ 10 ሲፒ (ተራ ፕሮሰሰር) የነበረው 8 ሊሆን ይችላል። አቅሙ እኩል ነው፣ ወረፋው ግን እኩል አይደለም። በአንድ ጊዜ 10 ሥራ ይሮጥበት የነበረው አሁን 8 ነው የሚሮጥበት። ደብሊውኤልኤም (የሥራዎችን ቅድሚያ የሚወስነው) ውስጥ ዝቅ ያለ ደረጃ ላይ ያለ ሥራ መቆለፊያ ይዞ ከኮር ከወረደ ከላይ ያሉት ሁሉ ይቆማሉ። ለእያንዳንዱ ኤልፓር የተሰጡትን ሎጂካል ፕሮሰሰሮችም እንደገና ቁጠሩ። አካላዊው 8 ሲሆን አራት ኤልፓር እያንዳንዱ 8 ሎጂካል ከያዘ አብዛኞቹ “ቨርቲካል ሎው” (የተረጋገጠ ድርሻ የሌላቸው) ሆነው ይቀራሉ፣ ካሽ የማጋራቱ ጥቅምም ይበተናል። የኤልፓሩ ክብደት (ድርሻው) ከሚፈቅደው ቁጥር ላይ ከአንድ ወይም ከሁለት በላይ አትጨምሩ።

ኮቦል ሰፈር

ማሽኑ ሲቀየር የኮቦል ሎድ ሞጁሎች (ኮምፓይል የተደረጉ ፕሮግራሞች) እንዳሉ ይሮጣሉ፣ ማንም አይነካቸውም። ግን አዲሶቹን መመሪያዎች አይጠቀሙም። ለዚያ እንደገና ኮምፓይል መደረግ አለባቸው፤ ደረጃውን የሚወስነው አርች የሚባለው አማራጭ ነው። አርች 12 ለዜድ14፣ አርች 13 ለዜድ15፣ አርች 14 ለዜድ16፣ አርች 15 ለዜድ17። አርች 15 ለማግኘት ኮቦል 6.5 ያስፈልጋል።

ባለኮንሶሉ፣ አንተ ዘንድ ጣሪያው አርች 14 ነው፤ ምክንያቱም የአደጋ ጊዜ ማሽንህ ዜድ16 ነው። በአርች 15 የወጣ ፕሮግራም ዜድ16 ላይ የማያውቀው መመሪያ ሲደርስበት በኤስ0ሲ1 (ያልታወቀ መመሪያ ስህተት) ይወድቃል። ክፋቱ ሁልጊዜ አለመውደቁ ነው። ኮምፓይለሩ አዲሱን መመሪያ ያስቀመጠበት መስመር እስኪደረስ ድረስ ፕሮግራሙ ደህና ይሮጣል። አጭር የአደጋ ልምምድ አልፎት እውነተኛው አደጋ ቀን፣ ወር መዝጊያው ላይ ይወጣል። ስለዚህ አርች በየፕሮግራመሩ ጄሲኤል (የሥራ ማስጀመሪያ ትእዛዝ) ውስጥ አይጻፍ፤ በጣቢያው ነባሪ ላይ ተቀምጦ እንዳይለወጥ ይታሰር።

ትልቁ ትርፍ ያለው ከኮቦል 4 ወደ 6 መሄዱ ላይ ነው፣ በተለይ ፓክድ ዴሲማል (በአንድ ባይት ሁለት አሃዝ የሚያሽግ ቁጥር) በብዛት የሚያሰሉ ፕሮግራሞች። ከአርች 12 ጀምሮ እነዚያ ስሌቶች ሜሞሪ ላይ መሠራታቸው ቀርቶ በቬክተር ሬጅስተር ይሠራሉ። ግን ኮቦል 6 በዳታ ጥራት ላይ ጨካኝ ነው። አሮጌው ኮምፓይለር በዞን ዴሲማል (አንድ አሃዝ በአንድ ባይት) መስክ ውስጥ ባዶ ቦታ ወይም የተበላሸ የምልክት አሃዝ ሲያገኝ ብዙ ጊዜ በዝምታ ያልፍ ነበር። አዲሱ ሌላ መመሪያ ስለሚመርጥ በዚያው ዳታ ሌላ ውጤት ይሰጣል። አይወድቅም፤ ሁለት መስኮች ሲነጻጸሩ ግን እኩል የነበሩት እኩል አይሆኑም፣ ፕሮግራሙም በሌላ ቅርንጫፍ ይሄዳል።

መፈተሻው ይህ ነው፦ በሙከራ ኮምፓይል ላይ ነምቼክ፣ ኤስኤስሬንጅ (ከወሰን መውጣትን የሚይዝ) እና ኢኒትቼክ (ዋጋ ሳይሰጠው የሚነበብ መስክን የሚያሳይ) አብሩ። ነምቼክ እያንዳንዱ የቁጥር መስክ ሲነበብ ይፈትሽና መልእክት ያወጣል። ፕሮግራሙ በጣም ይዘገያል፣ ስለዚህ ወደ ምርት አይግባ። የወር መዝጊያ ዳታ ቅጂ ላይ አስኪዱት፣ መልእክት የወጣባቸውን መስኮች ምንጫቸው ድረስ ተከተሉና ዳታውን አጽዱ። ማጽዳት የማይቻል ከሆነ ዞንዳታ የሚባለው አማራጭ የአሮጌውን ባሕርይ በተወሰነ ደረጃ ይመልሳል፣ በፍጥነት ዋጋ።

ሶርስ ኮዱ ለጠፋባቸው ፕሮግራሞች ኤቢኦ የሚባለው ማሻሻያ አለ፤ ሎድ ሞጁሉን ራሱን ወስዶ ለአዲሱ አርኪቴክቸር ያስተካክለዋል። ከምንጭ ኮምፓይል እንደማድረግ አይሆንም፣ ግን የሎጂክ ለውጥ ስለሌለው ፈተናው ይቀላል።

ኔትወርክ 25

ስለ ኔትወርክ እስካሁን ማንም አላነሣም፣ እኔ ግን ሌሊቱን ሊያበላሽ የሚችለው አንዱ ይህ ነው እላለሁ። ቴለም 2 ውስጥ ዲፒዩ የሚባል የአይኦ ማቀነባበሪያ ገብቷል። ድሮ በየካርዱ ላይ የነበረው ሥራ ወደ ዋናው ቺፕ መጣ። ከእሱ ጋር ኔትወርክ ኤክስፕረስ የሚባል አዲስ ካርድ አለ፤ የኦኤስኤን (የተለመደው የኔትወርክ ካርድ) ሥራና የሮሲን (ሲስተሞች ሜሞሪ ለሜሞሪ የሚገናኙበት) ሥራ በአንድ ወደብ ያጣምራል። ቀድሞ ለእነዚህ ሁለት የተለያዩ ካርዶችና የየራሳቸው ገመድ ያስፈልግ ነበር። የወደብና የስዊች ቁጠባው እውነተኛ ነው።

ግን በኤችሲዲ (የማሽኑ አይኦ የሚገለጽበት መሣሪያ) ውስጥ የቺፒዱ (የቻናሉ መለያ) ዓይነት ኦኤስዲ አይደለም፣ ኦኤስኤች ነው። የአሮጌውን አይኦዲኤፍ (የአይኦ መግለጫ ፋይል) ገልብጦ የማሽኑን ዓይነት ብቻ መቀየር አይበቃም። የቲሲፒ/አይፒ ፕሮፋይሉ ውስጥ ያለው የኢንተርፌስ ትርጉምም ይለወጣል። የምመክረው በመጀመሪያው ሌሊት ሁለቱንም መያዝ ነው፦ ኦኤስኤ ኤክስፕረስ 7ኤስ ካርዶች ዜድ17 ላይ ይሠራሉ፤ ምርቱን በእነሱ አንሡ፣ ኔትወርክ ኤክስፕረሱን ተክላችሁ በሙከራ ኤልፓር ላይ ፈትኑት፣ ከዚያ አንድ በአንድ አዛውሩ።

ሁለት ነገር ቀድማችሁ ተመልከቱ። አዲሱ ካርድ የሚመጣው በ10 እና በ25 ጊጋቢት ነው፤ 1 ጊጋቢት መስመር ላይ የቀረ ነገር ካለ (የኮንሶል መስመርን ጨምሮ) የኦኤስኤ ካርድ ማዘዝ አለባችሁ። ሁለተኛ፣ በኦኤስኤች መንገድ የሚሠራው በሌየር 2 (በማክ አድራሻ) ነው። ዜድ/ቪኤም ላይ በሌየር 3 (በአይፒ አድራሻ) የተገለጸ ቪስዊች (ቨርቹዋል ስዊች) ካላችሁ እንደገና መገለጽ አለበት፤ የሊነክሶቹ ማክ አድራሻ በስዊቹ ላይ መታየት ይጀምራል፣ የወደብ ደኅንነት ደንብ ካለም ያግዳቸዋል። የኔትወርክ ክፍሉን ከወዲሁ አናግሩ።

የሌሊት ባች

እዚህ ላይ እስማማለሁ። አንድ ጥያቄ ግን፦ ሲስተም ሪከቨሪ ቡስት (ሲስተሙ ሲነሣና ሲዘጋ ለጊዜው ተጨማሪ አቅም የሚሰጠው) ዜድ15 ላይም ነበረ። በዜድ17 ምን ተጨመረ?

ሰላም_ሲስፕሮግ

መሠረቱ ያው ነው፦ ከአይፒኤል በኋላ እስከ 60 ደቂቃ፣ ሲዘጋ እስከ 30 ደቂቃ። ዜድ16 ላይ የተጨመረው ለአጫጭር ችግሮች የሚነሣው ቡስት ነው፤ ለምሳሌ ትልቅ ኤስቪሲ ዳምፕ (የሜሞሪ ቅጂ) ሲወሰድ፣ ሃይፐርስዋፕ (ወደ ሌላ ዲስክ መሻገሪያ) ሲዘጋጅ፣ የተመረጠ ሚድልዌር ሲነሣ። ከዜድ15 ለሚመጣ ሰው እነዚህ አዲስ ናቸው።

ሥራው በሁለት መንገድ ነው። ማሽኑ አቅሙ ዝቅ ተደርጎ የተገዛ ከሆነ ሲፒዎቹ በሙሉ ፍጥነት ይሮጣሉ። ሁለተኛው መንገድ ተራ ሥራ ወደ ዚፕ ፕሮሰሰሮች (ለተወሰነ ሥራ ብቻ የተመደቡ) እንዲፈስ መፍቀድ ነው። ማሽኑ ሙሉ አቅም ያለው ሞዴል ከሆነ የመጀመሪያው ምንም አይሰጥም፤ ሁለተኛው ብቻ ይቀራል፤ ለእሱም ኤልፓሩ ዚፕ ሊኖረው ይገባል። ኢሜጅ ፕሮፋይሉ (የኤልፓሩ ቅንብር) ላይ ዚፕ ያልተሰጠው ኤልፓር ቡስቱ “በርቷል” እያለ ምንም አያተርፍም። በተጠባባቂነት የተመዘገቡ ዚፖችን አስቀምጡለት።

ሲዘጋ ያለው ቡስት በራሱ አይነሣም። ኦፕሬተሩ አይኢኤኤስዲቢኤስ የሚባለውን ፕሮሲጀር ማስነሣት አለበት፤ የመዝጊያው አውቶሜሽን የመጀመሪያ መስመር ይሁን። ቀድሞ ለማቆም አይኢኤቢኢ አለ። አራቱ ኤልፓር አንድ ላይ ከተነሡ ደግሞ አንዱን የዚፕ ገንዳ ስለሚጋሩ ጥቅሙ ይከፋፈላል። ዋናውን ቀድማችሁ አንሡ፣ የቀሩትን ከአሥር ደቂቃ በኋላ።

ቁልፍ ያዥ

ስለ ምስጠራ ልጻፍ፣ ርዝመቱን ታገሡኝ፤ እዚህ የተሳሳተ ሰው ዳታውን ነው የሚያጣው።

ባለኮንሶሉ፣ ዳታሴት (የዜድ/ኦኤስ ፋይል) ምስጠራ ከዜድ14 ጀምሮ ስላለ የእናንተ ዜድ15 ላይም ይሠራ ነበር። ካልጀመራችሁት ግን የማሽን ለውጥ ጥሩ ጊዜ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የኤኢኤስ ማስተር ቁልፍ ክሪፕቶ ኤክስፕረስ ካርዱ ውስጥ ይጫናል። ከዚያ አይሲኤስኤፍ (የዜድ/ኦኤስ የምስጠራ አገልግሎት) በሲኬዲኤስ (የቁልፎች ፋይል) ውስጥ ባለ256 ቢት የኤኢኤስ ዳታ ቁልፍ ስም ሰጥቶ ይፈጥራል። ከዚያ በራክኤፍ (መብት የሚቆጣጠረው) የሲኤስኤፍኪስ ክላስ ላይ ለዚያ ስም ፕሮፋይል ይከፈታል፣ አጠቃላይ መብቱ “ምንም” ሆኖ፤ የአይሲኤስኤፍ ሴግመንቱ ቁልፉ በሲፒኤሲኤፍ (ቺፑ ውስጥ ያለው መመስጠሪያ) ተጠቅልሎ እንዲወጣ መፍቀድ አለበት። ይህ አንድ መስመር ሲረሳ ሁሉም ነገር ትክክል መስሎ ዳታሴቱ ግን አይከፈትም። የማንበቢያ መብቱን ደግሞ “ለዳታሴት ምስጠራ ብቻ” በሚል ሁኔታ አስራችሁ ስጡ፤ አለበለዚያ ተጠቃሚው ቁልፉን በራሱ ፕሮግራም ለሌላ ነገር ሊጠቀምበት ይችላል።

የቁልፉ ስም በኤስኤምኤስ (ስቶሬጅ የሚያስተዳድረው) ዳታ ክላስ፣ በራክኤፍ ዲኤፍፒ ሴግመንት ወይም በጄሲኤል ይሰጣል። በዳታ ክላስ ስጡት፣ ጄሲኤል ውስጥ የተበተነ ስም በኋላ አይሰበሰብም። ዳታሴቱ ኤክስቴንድድ ፎርማት ይሁን። ቀድሞ የነበረ ዳታ በቦታው አይመሰጠርም፤ አዲስ ተፈጥሮ መገልበጥ አለበት። ዲቢ2 ላይ ኦንላይን ሪኦርግ (ዳታውን እንደገና የሚደረድረው) ይህን ያለ መቋረጥ ይሠራዋል። ከዚያ በሊስትካት (የካታሎግ ዝርዝር ትእዛዝ) የምስጠራ መስመሩ “አዎ” ማለቱን ተመልከቱ። ዳታ ክላሱ ስለተቀየረ ብቻ አትመኑ።

ኮምፕረሽን ከምስጠራ በፊት ይምጣ። የተመሰጠረ ዳታ አይጨመቅም፤ ስቶሬጁ ላይ ባለው መጨመቂያ የምትተማመኑ ከሆነ ከምስጠራ በኋላ የዲስክ ፍጆታችሁ በአንዴ ይዘላል። ከዜድ15 ጀምሮ መጨመቂያው ቺፑ ላይ ስለሆነ ዜድ/ኦኤስ ራሱ እንዲጨምቅ አድርጉ። ሲስተሙ ሲነሣ አይሲኤስኤፍ ከመነሣቱ በፊት የሚነበብ ነገርም አይመሰጠር፤ ቁልፉ ሳይኖር በሩ ይፈለጋልና አይፒኤሉ እዚያው ይቆማል።

ከሁሉ በላይ፦ ዜድ17 ላይ የተጫነው የኤኢኤስ ማስተር ቁልፍ ዜድ16 ላይም መጫን አለበት፣ ሲኬዲኤሱም መባዛት አለበት። ማስተር ቁልፍ ሲቀየር በሁለቱም ቦታ ይቀየር። የቁልፉን ክፍሎች የያዙት ሰዎች ሁለትና ከዚያ በላይ ይሁኑ፣ በተለያየ ካዝና። ቁልፉ ከጠፋ የትኛውም ባካፕ አያድንም፤ ባካፑም በዚያው ቁልፍ የተመሰጠረ ነው።

አሁን ኳንተም ኮምፒውተር ወደማይፈታው ምስጠራ። የአሜሪካው ኒስት (የደረጃዎች ተቋም) በኦገስት 2024 ሦስት ደረጃዎችን አወጣ፤ ለቁልፍ ልውውጥ ኤምኤል-ኬም፣ ለፊርማ ኤምኤል-ዲኤስኤ እና ኤስኤልኤች-ዲኤስኤ። ባለ256 ቢቱ ኤኢኤስ በዚህ አይነካም፣ ስለዚህ ዲስክ ላይ ያለው ዳታ ደህና ነው። ችግሩ አርኤስኤ እና ኤሊፕቲክ ከርቭ ባሉበት ነው፤ ማለትም በቲኤልኤስ መስመሮችና በፊርማዎች። ዛሬ በመስመር ላይ የሚቀዳ ነገር ወደፊት ሊፈታ ስለሚችል፣ ለረጅም ዓመት ሚስጥር ሆኖ መቆየት ያለበት ዳታ ከሁሉ ይቀድማል።

መጀመሪያ ያላችሁን እወቁ። ዜርት የሚባለውን በቲሲፒ/አይፒ ፕሮፋይል ውስጥ አብሩ፣ በኤስኤምኤፍ 119 ንዑስ ዓይነት 12 የማጠቃለያ ሪከርድ ይጽፋል፤ የትኛው መስመር በየትኛው ፕሮቶኮልና በምን የቁልፍ ርዝመት እንደሚሄድ፣ ያልተመሰጠረውንም ጨምሮ። ማጠቃለያውን እንጂ በየግንኙነቱ የሚጻፈውን ንዑስ ዓይነት 11ን ምርት ላይ አታብሩ፤ ግንኙነት በበዛበት ሲስተም ኤስኤምኤፍን ያጥለቀልቃል።

መጠኑንም አስቡ። የአርኤስኤ 2048 ፊርማ 256 ባይት ነው፣ የኤምኤል-ዲኤስኤ-65 ፊርማ ግን 3309 ባይት። የኤምኤል-ኬም-768 የሕዝብ ቁልፍ 1184 ባይት ነው፣ የኤክስ25519 (የኤሊፕቲክ ከርቭ ቁልፍ ልውውጥ) ግን 32 ብቻ። ስለዚህ የቲኤልኤስ የመጀመሪያው መልእክት በአንድ ፓኬት አይገባም፤ መሃል ላይ ያለ አሮጌ ፋየርዎል ሁለተኛውን ቁራጭ ሳይጠብቅ ሊቆርጠው ይችላል። ምልክቱ ከአንዳንድ አጋሮች ጋር መገናኘት እየተቻለ ከሌሎቹ ጋር አለመቻሉ ነው። ፊርማ የሚያስቀምጥ የዲቢ2 ዓምድም 256 ባይት ሆኖ ከተሠራ አይበቃም።

አንድ ወጥመድ ደግሞ ዜድ16 ላይ አለ። ዜድ16 ሲወጣ፣ በ2022፣ የመጨረሻው ደረጃ ገና አልወጣም ነበር፤ ያኔ የቀረቡት የኤምኤል-ዲኤስኤና የኤምኤል-ኬም ረቂቅ ቅጂዎች፣ ዲሊቲየምና ካይበር፣ ናቸው። በረቂቁ የተፈረመ ነገር በመጨረሻው ኤምኤል-ዲኤስኤ አይረጋገጥም። አዲስ ሥራ በመጨረሻው ደረጃ ብቻ ይጀመር፣ የአደጋ ጊዜው ዜድ16 ያንን በምን የማይክሮኮድ ደረጃ እንደሚቀበልም ከአቅራቢው በጽሑፍ ይወሰድ።

ባለኮንሶሉ

እህት ቁልፍ ያዥ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የሲኤስኤፍኪስ ሴግመንቱ ነገር ብዙ ቦታ የማይጻፍ ነው። አሁን ወደ ኤአይው እንምጣ፤ አለቆች የሚጠይቁት እሱን ነው። ማጭበርበርን በግብይቱ ውስጥ ለመለየት ይጠቅማል ይባላል። ምን ያህሉ እውነት ነው?

ኦኒክስ

እውነት ነው፣ ግን ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አንደኛው በእያንዳንዱ ቴለም ቺፕ ላይ ያለው ማፋጠኛ ነው፤ አብሮ የመጣ እንጂ ለብቻው የሚገዛ አይደለም። በቴለም 2 በ8 ቢት ኢንቲጀር 24 ቶፕስ (በሰከንድ 24 ትሪሊዮን ስሌት) ይደርሳል። በዜድ16 አንድ ኮር የራሱን ቺፕ ማፋጠኛ ብቻ ነበር የሚጠቀመው፤ በዜድ17 በዚያው መሳቢያ ያሉትን የስምንቱንም ቺፖች ማፋጠኛ መጠቀም ይችላል። ጥቅሙ የጥሬ ፍጥነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ዳታው ከማሽኑ አይወጣም። ውጤት ለማስገኘት በኔትወርክ ወደ ሌላ ሰርቨር የሚላክ ግብይት መልሱን ሲጠብቅ የጊዜ ገደቡ ያልፍበታል፤ ስለዚህ ብዙ ተቋማት የሚመረምሩት ከግብይቶቻቸው ጥቂቱን ነው። እዚያው ሲአይሲኤስ ውስጥ ሲሆን ግን ሁሉንም መመርመር ይቻላል።

አሠራሩ፦ ሞዴሉ በፓይቶርች ወይም በቴንሰርፍሎ፣ በማንኛውም ማሽን ላይ ይሠለጥናል። ወደ ኦኒክስ ፎርማት ይወጣል (ስሜን የወሰድኩት ከዚያ ነው)። ከዚያ የአይቢኤም ዜድ ዲፕ ለርኒንግ ኮምፓይለር ወደ አንድ የፕሮግራም ላይብረሪ ይቀይረዋል፤ ማፋጠኛውን የሚጠቀመው ኮምፓይል ሲደረግ ለእሱ እንዲወጣ ከታዘዘ ብቻ ነው። ኮምፓይለሩ ማፋጠኛው የማያውቀውን ኦፕሬሽን ሲያገኝ ስህተት አያወጣም፣ ያንን ክፍል ለሲፒው ይሰጠዋል። ሞዴሉ ይሠራል፣ ግን ሁለቱ መካከል ዳታ ሲመላለስ ከማፋጠኛው ውጭ ከመሮጥ ሊብስ ይችላል። ኮምፓይለሩ የሚያወጣውን የኦፕሬሽን ዝርዝር አንብቡ። ከባድ ኦፕሬሽኖች ሲፒው ላይ ከቀሩ ሞዴሉን የሚሠሩት ሰዎች ያንን ንብርብር በሌላ ይተኩት።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ትክክለኛነት ላይ ነው። ማፋጠኛው የሚያሰላው ዲኤልፍሎት16 በሚባል ባለ16 ቢት ቁጥር ነው፤ 1 ቢት ምልክት፣ 6 ቢት ኤክስፖነንት፣ 9 ቢት ክፍልፋይ። በ32 ቢት ከሠለጠነ ሞዴል ጋር ውጤቱ በጥቂቱ ይለያያል። ግብይት የሚታገደው ከ0.90 በላይ ሲሆን ነው ብትሉ፣ 0.8996 የነበረው 0.9004 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ መቶ ሺህ ያህል የቆዩ ግብይቶችን በሁለቱም አስልታችሁ በደንቡ ዙሪያ የተገለበጡትን ቁጠሩ፣ ከዚያ ደንቡን አስተካክሉ። ኢንቲጀር 8 ከተጠቀማችሁ ይህ ፈተና የበለጠ ያስፈልጋል።

በነገራችን ላይ ለማጭበርበር ብዙ ጊዜ የተሻለው ሞዴል ነርቭ መረብ አይደለም፤ የውሳኔ ዛፎች ስብስብ ነው። ለእሱ ስናፕ ኤምኤል የሚባል ላይብረሪ አለ፣ ማፋጠኛውንም ይጠቀማል።

ሁለተኛው ነገር ስፓየር ነው። ይህ የፒሲአይኢ ካርድ ነው፤ 32 ኮር፣ 128 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ 75 ዋት። ስምንት ካርድ አንድ ላይ ሲሆን 1 ቴራባይት ይደርሳል፤ አንድ ዜድ17 እስከ 48 ይይዛል። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ይሸጣል። ለትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ነው፣ ለምሳሌ የኮቦል ኮድን ለማብራራት፣ ዳታው ከቤት መውጣት በማይችልበት ቦታ።

ሰላም_ሲስፕሮግ

ስፓየር ላይ ሐሳቤን ልናገር፦ በመጀመሪያው ዓመት አትግዙት፣ ቦታውን ግን ያዙለት። የአይኦ መሳቢያው ሲታዘዝ ካርዶቹ የሚገቡባቸውን ማስገቢያዎችና የኤሌክትሪክ አቅሙን አብራችሁ አቅዱ። መሳቢያ በኋላ መጨመር ካርድ ከመጨመር በጣም ይከብዳል። ቺፑ ላይ ያለው ግን ተከፍሎበታል፤ አንድ ሞዴል መርጣችሁ ጀምሩ።

ኦኒክስ

የማልስማማው አንድ ነገር ላይ ነው። አሥር ሺህ ፕሮግራም ያለው፣ የጻፉት ሰዎች ጡረታ የወጡበት ተቋም ለኮድ ማብራሪያው ብቻ ስፓየርን ሊፈልገው ይችላል፤ እዚያ አንድ ዓመት መጠበቅ ውድ ነው። የግብይት ማጭበርበር ብቻ ለሚፈልግ ግን ሰላም ያለው ትክክል ነው።

ባለኮንሶሉ

የመጨረሻ ጥያቄ። ካፕሊንግ ፋሲሊቲዎቹ ሁለቱም እዚያው ማሽን ላይ ናቸው። ሲነሡ ሁሉም ስትራክቸር (ሲስተሞቹ የሚጋሩት የፋሲሊቲው ሜሞሪ ክፍል) ከአዲስ ይመደባል። እዚህ ምን ይበላሻል?

ሰላም_ሲስፕሮግ

መጠኑ። የካፕሊንግ ፋሲሊቲ ኮድ ደረጃ ዜድ15 ላይ 24 ነበር፣ ዜድ17 ላይ 26 ነው። አዲስ ደረጃ ለተመሳሳይ ስትራክቸር ብዙ ጊዜ ትንሽ ተጨማሪ ሜሞሪ ይፈልጋል። በድሮው መጠን ከተመደበ አንዳንዱ አይፈጠርም፣ አንዳንዱ ደግሞ ተፈጥሮ ውስጡ የሚይዘው ኤንትሪ ያንሳል። የመጀመሪያው ወዲያው ይታያል። ሁለተኛው የሚታየው የዲቢ2 የመቆለፊያ ስትራክቸር በቀኑ ጫፍ ሰዓት ሲሞላ ነው።

ስለዚህ ዜድ15 ላይ እያላችሁ የሲኤፍሳይዘር መሣሪያውን ተጠቀሙ፤ የስትራክቸሮቹን መረጃ ስታስገቡለት ለአዲሱ ደረጃ የሚያስፈልገውን ያሰላል። ሲኤፍአርኤም ፖሊሲው (የፋሲሊቲዎቹ ደንብ) ውስጥ መጠኑን አስተካክሉ፣ ፖሊሲውን አንቁ፣ ሪአሎኬት (እንደገና ምደባ) አድርጉ፣ በአሮጌው ማሽን ላይ በአዲሱ መጠን ይሥራ። ድምሩን ከኤልፓሩ ሜሞሪ ጋር አስተያዩ፤ አንዱ ፋሲሊቲ ሲወድቅ ሌላው የሁለቱንም መያዝ መቻል አለበት፣ ለዳምፕ የሚቀመጠውንም ጨምሮ።

ሁለቱም እዚያው ማሽን ላይ ስለሆኑ ደግሞ የመቆለፊያና የኤስሲኤ (የዲቢ2 የጋራ መረጃ) ስትራክቸሮችን ዱፕሌክስ (በሁለቱም ፋሲሊቲ ቅጂ) አድርጉ። ማሽኑ ሲወድቅ ዲቢ2ውም ፋሲሊቲውም አብረው ስለሚወድቁ የቡድን ዳግም መነሣት ይመጣል፤ ዱፕሌክስ ከዚህ አያድንም፣ ከአንድ ፋሲሊቲ መውደቅ ግን ያድናል። ሦስተኛ ፋሲሊቲ ሌላ ማሽን ላይ ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ የአጭሩ ኦፕቲካል ማገናኛ እስከ 150 ሜትር ብቻ እንደሚደርስ አስታውሱ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የረጅም ርቀት ካፕሊንግ ካርድ መታዘዝ አለበት።

ኮቦል ሰፈር

ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ ነገር፦ ዜድ/ኦኤስ 2.5 ድጋፉ በሴፕቴምበር 2026 ያበቃል። ማሽኑን በ2.5 ላይ አሻግሩ፣ ከተረጋጋ በኋላ ወደ 3.1 ወይም 3.2 ሂዱ። ኮቦል 4 ላይ የቀሩትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ግን አሁኑኑ አውጡ፤ የነምቼኩ ሥራ ማሽኑ እስኪመጣ የሚጠብቅ ነገር የለውም፣ ዜድ15 ላይም ይሠራል።